ሰላምታ ያልተጻፈበት ፕሮግራም

የልጅሽን ጊዜ አባክነሻል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አባክኛለሁ። ዛሬም ዕድሉን ባገኝ በሁለት እጄ እየዛቅሁ አባክንላታለሁ። ይኼን ያህል አፌን ሞልቼ ስናገር ግን ከመጀመሪያውም አስተዋይ የነበርኩ እንዳይመስላችሁ። ያኔ በጎባ ከተማ በጥድፊያ የሚወዳደረኝ ሴት አልነበረም። ልጄን ሳሯሩጥ፣ ሳሯሩጥ፣ ሁለተኛ እናቷን ላሳጣት አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ ነው የነቃሁት።

ሁለተኛ እናቷ የምላችሁ ጎረቤታችንን አዴ ሩቂያን ነው። ትርሲት የተወለደች ዕለት አባቷ ለመንግሥት ሥራ ጊኒር ወርዶ ነበር። ከተማው ጉም ውጦታል፤ አጥሬን እንኳ ከቤቴ ሆኜ አላየውም። ጩኸቴን ሰምተው በጉሙ ውስጥ በዳሰሳ የመጡልኝ፣ ልጄንም በእጃቸው የተቀበሏት አዴ ሩቂያ ናቸው። እሳቸው የወለዱት ልጅ የላቸውም። ትርሲት አፏን ስትፈታ እኔን እማዬ፣ እሳቸውን አዮ አለች፤ አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ቁርሷን እኛ ቤት ጀምራ እሳቸው ቤት ነበር የምትጨርሰው። በሁለታችን ደጅ መሀል ያለው ሣር የእሷ እግር ቢበዛበት መብቀሉን ትቶት ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከሐጂ አማን ሱቅ ነው። ሐጂ ጨውና ስኳር የሚጠቀልሉት በአሮጌ ጋዜጣ ነበርና፣ ሱቁ መስኮት ላይ ተደግፌ ይህቺ ማነች፣ ያቺስ ማነች እያልኩ እጠይቃቸዋለሁ። ገበያተኛ ሲመጣ ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ገበያተኛው ሲሄድ ይቀጥላል። እንዲህ ሆኜ ማንበብ ለመድኩ። ዕውቀቴ ግን ጫፍ ጫፉ የተቀደደ ነው። የብዙ ታሪክ መጀመሪያውን አውቃለሁ፤ መጨረሻው ከሌላ ሰው ስኳር ጋር ሄዷል።

ልጄ እንደ እኔ ቁርጥራጭ እንዳትሆን ፈለግኩ። ይኼ ክፉ ሐሳብ አልነበረም። ክፉ ያደረገው የሹሙ ሚስት ሳሎን ነው።

ባለቤቴ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት አዲስ ሹም ከአዲስ አበባ መጣ። ሚስቱ የሠራተኞቹን ሚስቶች ከነልጆቻችን ለሻይ ጠራችን። ተቀምጠን ሳለ ልጇን መሀል ሳሎን አቆመቻት። የትርሲት እኩያ ናት፤ ጸጉሯ በሪባን ታስሯል። በእንግሊዝኛ አንድ ረጅም ነገር ወረደችው፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አላወቅሁም፤ ብቻ አጨበጨብን። ቀጥላ የጠለፈችውን ትራስ ልብስ አሳየች። ከዚያ የሹሙ ሚስት ወደ ትርሲት ዞራ፣ አንቺስ ምን ትችያለሽ አለቻት። ልጄ ትንሽ አሰበችና፣ ላም መጥራት እችላለሁ አለች። ማንም ሳይጠይቃት ጠራች። አዮዋ እንዳስተማሯት፣ ከሆዷ አውጥታ፣ የሳነቴ ተራራ ላይ ያለች ላም እንድትሰማ አድርጋ ጠራች። የሻይ ሲኒዎቹ ተንቀጠቀጡ። ደጅ የታሰረው የሹሙ ፈረስ መለሰላት።

ሌላ እናት ብትሆን ትኮራ ነበር። እኔ ከወንበሩ ሥር ብገባ ወደድኩ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ፕሮግራም ወጣ። ባለቤቴ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ስለሆነ በወረቀት የማይፈታ ነገር ያለ አይመስለውም። እኔ እየተናገርኩ እሱ ጻፈ፤ በማግስቱ መሥሪያ ቤት ወስዶ በታይፕ አስመታው፤ ካርቦን ገብቶበት ሦስት ቅጂ ሆነ። አንዱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አንዱ ትርሲት ደብተር ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን ፋይል ከፍቶ አስቀመጠው፤ ማን መጥቶ ይጠይቀናል ብሎ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ዳዊት፣ ከመምሬ ወልዴ ዘንድ፣ ግማሽ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤት። ስድስት ሰዓት ተኩል ምሳ፣ ሃያ ደቂቃ። ሰባት ሰዓት ተመልሶ ትምህርት ቤት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጥልፍ። አሥር ሰዓት ተኩል የእጅ ጽሕፈት። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እንግሊዝኛ፣ መምህሩ ቤት ድረስ እየመጣ። ከራት በኋላ ጥናት። ቅዳሜ ትምህርት ቤት ስለሌለ የእጅ ጽሕፈቱ ወደ ጠዋት ይዛወርና ጥልፉ እጥፍ ይሆናል። ጨዋታም አልረሳንም፤ እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከሩብ። ባለቤቴ በቅንፍ «ከተቻለ» የሚል ጨመረበት።

ለዚህ ሁሉ የግድግዳ ሰዓት ከሮቤ ተገዛ። ልጅቱ እንዳትዘገይ ባለቤቴ ሰዓቱን አሥር ደቂቃ አስቀደመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ገና ባልመጣ ሰዓት እየዘገየች መሮጥ ያዘች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ሰባት ደጆች አሉ። ሰባቱም ደጅ ላይ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ፀሐይ ይሞቃል፤ ፀሐይ ከሌለ ፀሐይን ይጠብቃል። እንደምታውቁት በእኛ አገር እንደምን አደሩ ብሎ ማለፍ ሰላምታ አይባልም። ነጋ ነው? ይባላል፤ በኦሮምኛ ሰላም ነው? ማለት ነው። ነጋ። ልጆቹ ነጋ? ላሞቹ ነጋ? ገብሱስ? ዝናቡስ? ያ ያመመው አጎትሽስ? ተጠይቆ ያልቅና ምናልባት በመሀል የታመመች ላም እንዳለች ተብሎ እንደገና ከላሞቹ ይጀመራል። ልጅም ብትሆን ቆማ፣ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጠይቃና ተጠይቃ ነው የምታልፈው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ በሰባት ደጅ አባዝቶ አንድ ትምህርት ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አገኘ። ደነገጥን። ከዚያ በፕሮግራሙ ግርጌ አንዲት መስመር ታከለች፦ «መንገድ ላይ መቆም ክልክል ነው።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ካርቦኑ ምስክሬ ነው።

ትርሲት ታዛዥ ልጅ ናት። በማግስቱ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ሰባቱን ደጅ እንደ ንፋስ አለፈቻቸው። ሰዉ መጀመሪያ ያመማት መሰለው። ሐጂ አማን ሆዷን ነው ብለው ፌጦ ላኩ። መምሬ ወልዴ ልጅቱ መስቀል እየሮጠች ተሳለመችብኝ፣ አፍንጫዬን ልትመታኝ ነበር ብለው ጠበል አዘዙ። እኔ ፌጦውንም ጠበሉንም እያመሰገንኩ ተቀብዬ፣ ለሁለቱም ፕሮግራሙ ውስጥ ቦታ አጥቼ አስቀመጥኳቸው።

አዴ ሩቂያ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰቡት። በዚያው ሰሞን ጥጃቸው አጥሬን ጥሳ ጎመኔን ግጣ ነበር። እኔ ስቄ ረስቼዋለሁ። እሳቸው አልረሱም። ጥጃዋ ጎመን በላች፤ ሦስት ቀን ሳይቆይ ልጅቱ ደጃቸውን በሩጫ ማለፍ ጀመረች። ሌላ ማን ቢሆንስ ምን ያስባል? ጥጃዋን አሰሩ። ልጅቱ አሁንም ሮጠች። ገመዱን አሳጠሩ። ልጅቱ ይበልጥ ሮጠች፤ በዚያ ሳምንት ሌላ የእጅ ጽሕፈት ሰዓት ተጨምሮ ነበርና።

በመጨረሻ ጩኮ ሠርተው ላኩልኝ። ገብሱ የተቆላ፣ ቅቤው የተነጠረ፣ ቆሪ በሚባለው በትልቁ የእንጨት ሳህናቸው ጢም ተደርጎ የተሞላ። ይቅር በይኝ ማለታቸው ነበር። እኔ ጩኮ ማለታቸው መሰለኝና በላሁ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ጥቂት ዱቄትም ትሁን፣ ሁለት እንቁላልም ይሁን፣ አንድ ነገር ጣል ይደረግበታል። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። ግን ጠዋት ነው፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ትርሲት ወደ ዳዊት ልትሮጥ ነው። ሳህኑን አስታቀፍኳትና በመንገድሽ አድርሺ አልኳት። ልጄም እንደታዘዘችው ባዶውን ቆሪ የአዴ ሩቂያ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ፣ ቀና ሳትል ሮጠች።

ከዚያ ወዲያ መንደሩ ዝም አለ። ማንም ወንፊቴን አይዋስም። ማንም እሳት ሊጭር አይመጣም። ውኃ ልቀዳ ቶጎና ወንዝ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። አዴ ሩቂያ ደጅ ሲያዩኝ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ይኼን ሁሉ ሳይ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ጊዜ ስለተረፈልኝ እግዜርን አመሰገንኩ።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጥልፉ ሊያልቅ፣ እንግሊዝኛው ሊጀምር አካባቢ፣ ሐጂ አማንና መምሬ ወልዴ ጎን ለጎን ሆነው በአጥሬ ገቡ። ሐጂ ከዘራቸውን፣ መምሬ ጭራቸውን ይዘዋል። ሁለቱ አብረው የሚመጡት ሰው ሲሞት ወይም ሰው ሲጣላ ነው። ማንም እንዳልሞተ አውቃለሁ። አስቀመጥኳቸው። ሰላምታው ተጀመረ፤ ልጆቹ፣ ላሞቹ፣ ገብሱ። እኔ በአንድ ዓይኔ ሰዓቱን እያየሁ ነጋ፣ ነጋ፣ ነጋ እላለሁ።

«ልጄ፣ የመጣነው ለእርቅ ነው» አሉ ሐጂ።

«ከማን ጋር?»

ሐጂ ወደ መምሬ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስሟን እንኳ መጥራት አትፈልግም ማለታቸው ነው።

እኔ ከማንም አልተጣላሁም ብዬ ማልኩ። መምሬ መሐላውን አልወደዱትም፤ የከረመ ቂም ነው አሉ። ስለ ጥጃዋ ጠየቁኝ፤ ሳቅሁ። ሳቄንም አልወደዱትም። ስለ ቆሪው ሲጠይቁኝ ግን መሳቅ አቃተኝ። ባዶውን እንደላክሁ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ታዲያ ልጅቱን ከሰላምታ ማን ከለከላት ሲሉኝ ፕሮግራሙን ከግድግዳው አውርጄ ሰጠኋቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ገለበጡትና ጀርባውን አዩ፤ ባዶ ነው።

«ይህች ልጅ የምትታመመው መቼ ነው?» አሉኝ። «ሰዓት አልተያዘላትም።»

መምሬ ደግሞ የዳዊቱን ሰዓት ፈልገው አገኙና፣ ከምሳዋ በአሥር ደቂቃ ብቻ ይበልጣል ብለው አዘኑ።

ከዚያ ሐጂ ወረቀቱን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ቀስ ብለው ነገሩኝ። አዴ ሩቂያ ረቡዕ ይሄዳሉ። አንገቱ በሚባለው አገር፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ወንድም አላቸው፤ በቅሎ ልኮላቸዋል። ላማቸውን አደራ ሰጥተዋል። ያዋለድኳት ልጅ ደጄን እየዘለለች ካለፈች እዚህ የምቀመጠው ለማን ነው ብለዋል።

ከጎባ አንገቱ ድረስ ተራራውን ወጥቶ ሐረናን መውረድ ነው። በዚያ ዕድሜ የወረደ ሰው አይመለስም። ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር።

አዴ ሩቂያን አጥር ውጪ አቁመዋቸው ኖሯል። ሲጠሯቸው ገቡ። ሻሻቸውን አዲስ አስረዋል። ተነሥቼ ልስማቸው ስል ጉንጫቸውን ሰጡኝ እንጂ አልሳሙኝም። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት በሩ ተበርግዶ ትርሲት ከጥልፍ እየሮጠች ገባች። መርፌው ገና ቀሚሷ ላይ ተሰክቷል።

አዴ ሩቂያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ኢንተለ ቲያ፣ ነጋ?» አሏት። ልጄ፣ ደኅና ነሽ? ማለታቸው ነው።

ትርሲት ቀና ብላ ሰዓቱን አየች።

«አዮ፣ ሦስት ደቂቃ አለኝ» አለች። «ከዚያ እንግሊዝኛ ነው።»

ክፋት የለባትም። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ለባለጉዳይ እንደሚናገረው፣ በትሕትና ነው ያለችው። አዴ ሩቂያ የተዘረጋውን እጃቸውን አላጠፉም።

«ሦስት ይበቃናል፣ ልጄ» አሏት። «ላሞቹን እንተዋቸውና ስላንቺ ብቻ ልጠይቅሽ።»

እናንተ ሆዬ፣ እኔ ሰው ሲያለቅስ ሥራ ፈልጌ የምነሣ ሴት ነኝ። የዚያን ቀን ግን የምሠራው ሥራ ጠፋኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ላሞቹ ሳይጠየቁ ቀርተው አያውቁም። አሁን አንዲት አሮጊት በገዛ ልጇ ፊት ላሞቹን ከሰላምታ ቀነሰች፤ የልጅቱን ጊዜ እንዳትሻማ ብላ። ወንበር ላይ ወጥቼ ሰዓቱን ከግድግዳ አወረድኩና አልጋው ሥር፣ በፌጦውና በጠበሉ መሀል አስገባሁት። ከዚያም ሆኖ መቁጠሩ አናደደኝ፤ ጋቢ ጣልኩበት።

«ትርሲት፣ ቁጭ በይ። የሁለት ወር ሰላምታ ተጠራቅሞብሻል። ላሞቹንም ጠይቂ፣ ወንድማቸውንም ጠይቂ፣ ሁሉንም።»

ልጅቱ ወዲያው አላመነችኝም። ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ግን አላሳረፈችም። ላሞቹ ነጋ? አለች ዳር ዳሩን። አዴ ሩቂያም ነጋ አሉ። ጥጃዋስ? ስትላቸው፣ ገመዱ አጥሮባት አንገቷ ተላልጧል አሉ። ትርሲት ያኔ ነው ደብተሯን መሬት ያስቀመጠችው። ለምን ታሰረች? ማን አሳጠረው? ቅቤ ተቀብቶላታል? እያለች በጉልበቷ ወደ አዮዋ ተጠጋች። ይኸው ቋንቋው ሁሉ ተመለሰ፤ ኦሮምኛው ካማርኛው ጋር ተደባልቆ ቤቱን ሞላው።

በዚህ መሀል የእንግሊዝኛው መምህር መጣ። ወጣት ነው፣ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሱሪው እንዳይጨቀይ ካልሲው ውስጥ የሚከት። መጽሐፉን ብብቱ ሥር ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

«ይቀመጡ መምህር» አልኩት። «ትርሲት ሥራ ላይ ናት።»

«ምን ሥራ?»

«ሰላምታ እየጠየቀች ነው።»

ሰዓቱን ሊያይ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ምስማሩን አየ። እኔን አየ። እኔም አየሁት። በዚህ ዓይነት ልጅቱ የትም አትደርስም አለኝ።

«የት እንድትደርስ ነው የቸኮሉት?» አልኩት። «ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምትሄድበት ካለ ተቀምጦ ይጠብቃት።»

ለባለቤቴ እንደሚነግር አስታወቀ። ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሹሙ ሚስትም ይንገሩልኝ አልኩት፤ እሷ ሳሎን ላም መጥራት ካስፈለገ ልጄን ይዤ ድጋሚ እመጣለሁ በሉልኝ አልኩት። ሐጂ አማን ይኼን ሲሰሙ በአግዳሚው ላይ ፈቀቅ ብለው ለመምህሩ ቦታ ለቀቁለት። ሲቀመጥ ጠየቁት፤ አባትህ ነጋ? እናትህስ? ከብት አላቸው? መምህሩ መጀመሪያ ደኅና ናቸው፣ ደኅና ናቸው እያለ በአጭሩ ሊገላገል ሞከረ። ሐጂ ደግመው ከእናቱ ጀመሩ። ልጁ መጽሐፉን አግዳሚው ላይ አስቀመጠና፣ እናቱን ዓይኗን ካመማት እንደቆየ፣ ጎባ ከመጣ ጀምሮ ስለ እሷ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገራቸው። መምሬ ለዓይን የሚሆን ጠበል የት እንዳለ ነገሩት። ማንም እንግሊዝኛ አልተማረም። መምህሩ የሄደው ሊመሽ ሲል ነው፤ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ መክተቱንም ረስቶ።

እኔ በዚያ መሀል ቆሪውን ከአዴ ሩቂያ ቤት አምጥቼ ማር ሞላሁበትና እግራቸው ላይ ወድቄ ሰጠኋቸው። ያን ጊዜ ሳሙኝ። የወንድማቸው በቅሎ ረቡዕ መጣች፤ ጎመን በልታ ባዶዋን ተመለሰች።

ዳዊቱንና ትምህርት ቤቱን አልተውነውም። ሌላውን ተውነው። ይኼን የሰሙ ሰዎች፣ ታዲያ ትርሲት አድጋ ምን ሆነች ይሉኛል። አልነግራቸውም፤ ለእናንተም አልነግርም። ሐኪም ሆናለች ብል ትመሰክሩልኛላችሁ፤ ምንም አልሆነችም ብል ትፈርዱብኛላችሁ። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷን የኖረችው ለእናንተ ፍርድ አይደለም። ለዘጠኝ ዓመቷ ነው።

የዚያን ቅዳሜ ባለቤቴ ሲገባ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ባዶውን ግድግዳ አየ።

«ልጅቱ አሁን ምን ላይ ናት?»

«ምንም ላይ አይደለችም» አልኩት። «አዴ ሩቂያ ደጃፍ ተቀምጣለች።»

በመስኮት አጎንብሶ አየ። ሁለቱ ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ጉሙ ከተራራው እየወረደ ነው፤ እያወሩም አልነበረም።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስኪበቃት።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ራት አቀረብኩለትና የሷን ከድኜ አስቀመጥኩ፤ አልጠራኋትም።